ሳን ጂሚኛኖ ለፎቶ የተሠራች ከተማ አይደለችም

ሰሞኑን በጣልያን ስላሉት የቶስካና ከተሞች የተጻፈ አንድ የጉዞ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከረመ። ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው ከተሞቹን በየተራ ይመዝናሉ፤ አንዷን «ሂዱባት» ሌላዋን «እለፏት» ይላሉ። ሳን ጂሚኛኖ የደረሳት ከ«እለፏት» ብዙም ያልራቀ ነው።

ክሱ ሲያጥር እንዲህ ነው። ማማዎቿ ለጦርነት የተሠሩ ምሽጎች ናቸው፣ እንደነሱ ያለም ሌላ ቦታ ኖሮ አያውቅም። 72 ነበሩ፤ ፍሎረንስ ከተማዋን ስትይዝ አብዛኞቹን አፈረሰቻቸው። የቀሩት የተረፉት ሕዝቡ ቅርስ ወዳድ ስለሆነ ነው። ከማማዎቹ ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ ሥዕል የሚፈልግ ፍሎረንስ ይሂድ። ሳፍሮን የሚባለው የአበባ ቅመምና ወይን ጠጁ ለቱሪስት የተፈበረከ ወሬ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ይበቃታል፤ ፎቶ አንስቶ መውረድ ነው።

ጽሑፉ ሲያነቡት ይጥማል፤ እሱን አልክድም። ግን ፍርዱ የቆመው በተሳሳተ ታሪክ ላይ ነው። ይህችን ከተማ የሠራት ገንዘብ ነው፤ ያቆያት ደግሞ ድህነት። ይህን ያወቀ ሰው በሁለት ሰዓት አይጨርሳትም። ዓመቶቹንና ቀኖቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከማማዎቹ እንጀምር። ሳን ጂሚኛኖ በፍሎረንስና በሲዬና መካከል፣ የኤልሳን ሸለቆ ቁልቁል የምታይ ኮረብታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 324 ሜትር ነው። ታዲያ ኮረብታው ላይ ገንዘብ ከየት መጣ? ከመንገድ። ከሰሜን አውሮፓ ወደ ሮም የሚወርዱ ተሳላሚዎች የሚሄዱበት ቪያ ፍራንቺጄና የሚባለው መንገድ በከተማዋ ውስጥ ያልፍ ነበር። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጄሪክ በ990 አካባቢ ከሮም ሲመለስ ያደረባቸውን ቦታዎች በዝርዝር አስጽፏል። ሳን ጂሚኛኖ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። መንገደኛ ያድራል፣ ይበላል፣ ፈረሱን ያስቀልባል፣ ገንዘብ ይመነዝራል። ነጋዴው ተሳላሚውን ይከተላል። እንዲህ እያለች ከበረች። በ1199 ከቮልቴራው ጳጳስ አገዛዝ ወጥታ ራሷን በራሷ ማስተዳደር ጀመረች።

ማማዎቹ የተነሱት ይሄኔ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ቦታ ጠባብ ነው፣ ገንዘቡ ግን ሞልቷል። ወደ ጎን መስፋት ያልቻለ ወደ ላይ ሄደ። ደግሞ ማማ ማለት ስም ነው። የእኔ ቤት ከአንተ ቤት ይበልጣል ማለት ነው፤ ያውም ከሩቅ ሸለቆ የሚታይ።

ጸሐፊው «ምሽግ» ሲሉ ግማሹን አግኝተውታል። ጠብ ነበር። ግን ከውጭ የሚመጣን ጠላት መመለስ የማማዎቹ ሥራ አልነበረም። ለእሱ የከተማው ቅጥርና በሮቹ አሉ፤ ዛሬም ሰው በሳን ጆቫኒ በር ነው የሚገባው። ማማዎቹ የተፋጠጡት እርስ በርስ ነው። በአንድ ወገን የፓፓው ደጋፊዎች፣ ጉዌልፎቹ፤ በሌላው የንጉሠ ነገሥቱ ደጋፊዎች፣ ጊቤሊኖቹ። አርዲንጌሊ የሚባለው ቤተሰብ ከጉዌልፎቹ ጋር፣ ሳልቩቺ የሚባለው ከጊቤሊኖቹ ጋር ነበር። የሁለቱም መንትያ ማማዎች እስከ ዛሬ አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጎረቤት ከጎረቤት የሚሰዳደብበት ያህል ነው። የሚፈራው ጠላት ግድግዳ ለግድግዳ የሚኖረው ሰው ነበር ማለት ነው።

ውስጣቸውም ስለ ኑሮው ይናገራል። ግድግዳው ወፍራም፣ ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ ጥቂት። ሰው የሚኖረው ታችኛዎቹ ፎቆች ላይና አጠገቡ ባለው ቤት ነበር። የእንጨት ሰገነትና መሸጋገሪያም ከውጭ ይቀጠል ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ ተደርድረው የሚታዩት አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ለእነዚህ ሰገነቶችና ለግንበኛ መወጣጫ ግንዶች ይገቡባቸው የነበሩ ናቸው። ብዙ ጎብኚ የተኩስ ቀዳዳ ይመስሉታል። ጸሐፊውም መስለዋቸዋል።

«ሌላ ቦታ ኖሮ አያውቅም» የሚለው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ቦሎኛ ሂዱ፤ አዚኔሊ የሚባለው ማማ 97 ሜትር ነው። ከሳን ጂሚኛኖ ረጅሙ፣ ቶሬ ግሮሳ፣ 54 ሜትር ነው። ፍሎረንስ ራሷ በማማ የተሞላች ነበረች። በ1250 ሥልጣን የያዘው የሕዝብ መንግሥት ነው የባላባቶቹ ማማዎች ወደ 29 ሜትር ገደማ እንዲቆረጡ ያዘዘው። በዘመኑ ሀብታም በሆኑት የመካከለኛውና የሰሜን ጣልያን ከተሞች ማማ መሥራት ወግ ነበር። የሳን ጂሚኛኖ ልዩነት መሥራቷ ሳይሆን እነሱ ሲያፈርሱ እሷ አለማፍረሷ ነው። የጽሑፉ ቁልፍ ጥያቄ መሆን የነበረበት ይሄ ነበር፤ ጸሐፊው ግን ዘለሉት። በነገራችን ላይ «የመካከለኛው ዘመን ማንሃታን» የምትለዋን ነገር ማንም ጸሐፊ ባይደግማት ደስ ይለኛል። የጉብኝት ብሮሹር ሁሉ ላይ አለች፤ ለሰው ምንም አትነግርም።

አሁን ወደ 72ቱና ወደ ፍሎረንስ ልምጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ 72 የምትለዋ ቁጥር አንዴ ከተጻፈች ወዲህ የሚለቃት ጠፍቷል። በልማድ የሚነገር ቁጥር ነው። አቆጣጠሩም ያከራክራል፤ ከላይ የተቆረጠ የማማ ቤት ማማ ተብሎ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ዛሬ የቆሙትን እንኳ አንዱ 13፣ ሌላው 14፣ ሌላው ከዚያም በላይ የሚለው ለዚህ ነው። 14 የሚለው ነው የተለመደው።

ፍሎረንስ አፈረሰቻቸው የሚለው ግን የቁጥር ጉዳይ አይደለም፤ ታሪኩን ይገለብጠዋል። በ1348 ጥቁሩ ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ገባ። ቶስካናን እንዳለ አራገፋት። ሳን ጂሚኛኖም አብዛኛውን ሰዋን አጣች። የሁለቱ ቤተሰቦች ጠብ ግን አልቆመም። ከተማዋ ደከመችና በ1353 ለፍሎረንስ ገባች። ፍሎረንስ ስትመጣ ያደረገችው ማፍረስ አልነበረም፤ መሥራት ነው። ከከተማዋ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ሞንቴስታፎሊ የሚባለውን ምሽግ ገነባች። እውነተኛውን ምሽግ ማየት ከፈለጉ እዚያ ይውጡ። እሱንም ቢሆን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1558፣ የፍሎረንሱ መስፍን ቀዳማዊ ኮዚሞ አስፈረሰው። አሁን ፍርስራሹ ውስጥ የወይራ ዛፍ በቅሎበታል፤ ከዚያ ሆኖ ማማዎቹን ማየት ከየትም ይበልጣል፣ ክፍያም የለውም።

ማማ የማሳጠሩን ሥራ የጀመረው የከተማዋ የራሷ ምክር ቤት ነበር። ማንም የግል ማማ ሮኞዛ ከሚባለው፣ ከከተማው ሹም መኖሪያ በላይ ከቆመው ማማ እንዳይበልጥ ደነገገ። ሳልቩቺዎች አንዱን አታስረዝሙ ከተባልን ሁለት እንሠራለን ብለው ነው መንትዮቹን ያቆሙት ይባላል። ደስ የሚል አፈ ታሪክ ነው፤ እውነትነቱን ለአፈ ታሪክ እንተወው። ሌሎቹን ማማዎች የበላቸው ጊዜ ነው። ባለቤቱ ደኸየ፣ የማደሻ ገንዘብ አጣ፣ ማማው ለመንገደኛ አደገኛ ሆነ፣ ከጣራ በላይ ያለው ተቆርጦ ድንጋዩ ለሌላ ሥራ ዋለ። ይሄ ከአንድ ትውልድ በላይ የወሰደ ነገር ነው። በአንድ ጦርነት የሆነ አይደለም።

«ሕዝቡ ቅርስ ወዳድ ስለሆነ ነው» የሚለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ደግ አስተያየት ነው። ማማ እንዳይፈርስ የሚከለክል ደንብ ከተማው ራሱ አውጥቶ ያውቃል፤ ስለዚህ ባዶ ነገር ነው አልልም። ግን ደንብ ሀብታምን አይመልስም። ሀብታም ከተማ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ ይሠራል። ፍሎረንስ ያደረገችው ያንን ነው፤ ሲዬናም ብትሆን። በ1400ዎቹ የፍሎረንስ ባለጠጎች ማማቸውን እየተዉ ባለ ሰፊ መስኮት ቤተ መንግሥት ሲሠሩ፣ የሳን ጂሚኛኖ ሰው የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረውም። የመንገደኛው ጎርፍ ወደ ሸለቆው ወርዷል። ንግዱም አብሮ ወርዷል። ኋላ ባቡር ሲመጣ እንኳ ያለፈው በታች፣ በፖጂቦንሲ ነው። ዛሬም ባቡር ኮረብታዋን አይወጣም። የማያስፈልግ ነገር የሚፈርሰው ቦታው ሲፈለግ ነው። የሳን ጂሚኛኖን ቦታ ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የፈለገው አልነበረም። ዩኔስኮ በ1990 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ድህነት ያቆየውን ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነጥብ ደረስኩ። «ከማማው ሌላ የሚታይ የለም።» ጸሐፊው ቤተ ክርስቲያኖቹ ውስጥ የገቡ አይመስለኝም። ቢገቡ ኖሮ ይህን ዓረፍተ ነገር ባልጻፉት ነበር።

ዋናው ቤተ ክርስቲያን ኮሌጃታ ይባላል። ጳጳስ ባይኖረውም የከተማው ሰው ዱኦሞ ይለዋል። ፊቱ ተራ ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ብዙ ሰው ደረጃው ላይ አይስክሬሙን በልቶ ይሄዳል። በሩን ገፍተው ሲገቡ ግን ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። በግራ ብሉይ ኪዳን፣ በቀኝ ሐዲስ ኪዳን። ብሉዩን የሣለው የሲዬናው ባርቶሎ ዲ ፍሬዲ ነው፤ በ1367 ጨረሰው። ልብ በሉ፣ ከወረርሽኙ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም። የኢዮብ መከራ ግድግዳው ላይ ሰፊ ቦታ ይዟል። ከሞት የተረፉ ሰዎች ቆመው ሲያዩት ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። በበሩ በኩል ደግሞ የታዴኦ ዲ ባርቶሎ የመጨረሻው ፍርድ አለ። ሲኦሉ ውስጥ ሆዳሞቹ ምግብ በሞላበት ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው አንዲት ጉርሻ አይቀምሱም። ስስታሙን ሰይጣን ሳንቲም ያጎርሰዋል። በገንዘብ የተሠራች ከተማ ይህን በቤተ ክርስቲያኗ ግድግዳ ላይ ማሣሏን እወድላታለሁ።

ከዚያ የቅድስት ፊና ጸሎት ቤት አለ። ፊና የከተማዋ ልጅ ናት፤ በ1238 ተወለደች። ቤተሰቧ የደኸየ ቤተሰብ ነበር። በአሥር ዓመቷ ገደማ ታመመች፣ ሰውነቷ አልታዘዝ አላት። አልጋ እምቢ ብላ በወፍራም የእንጨት ሳንቃ ላይ ተኛች፤ አምስት ዓመት። አባቷም እናቷም ሞቱ፣ ቤልዲያ የምትባል ሞግዚት ቀረቻት። ገድሏ እንደሚለው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ተገልጦ በበዓሉ ቀን እንደምትሞት ነገራት። መጋቢት 12 ቀን 1253 ሞተች። ደወሎቹ ሰው ሳይነካቸው ተደወሉ፣ በማማዎቹም ላይ ቢጫ አበባ ፈነዳ ይባላል። ዛሬም በመጋቢት ከድንጋዩ መካከል ቢጫ አበባ ይበቅላል፤ ነዋሪው የቅድስት ፊና አበባ ይለዋል። በእሷ ስም የተሠራው ሆስፒታል ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያገለግል ኖሯል። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው በአራተኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከሞዴና ጳጳስ ከቅዱስ ጂሚኛኖ ነው፤ ልቧ ግን ፊና ላይ ነው።

ጸሎት ቤቱን የሠራው ጁሊያኖ ዳ ማያኖ፣ መሠዊያውን የቀረጸው ወንድሙ ቤኔዴቶ ነው። የግድግዳ ሥዕሎቹ የዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ ናቸው፣ የ1470ዎቹ ሥራ። «ሥዕል የሚፈልግ ፍሎረንስ ይሂድ» ላሉት መልሱ እዚህ አለ። ፍሎረንስ የምናያቸው የጊርላንዳዮ ታላላቅ ሥራዎች አብዛኞቹ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው። እዚህ የምናየው ገና በሃያዎቹ ያለውን ጊርላንዳዮ ነው፤ ወደፊት ትንሹን ሚኬላንጄሎን ወርክሾፑ ውስጥ የሚያስተምረውን ሰው። በቀብሯ ሥዕል ላይ ፊና ተገንዛ ተኝታለች። ቤልዲያ የሽባ እጇን የሟቿን እጅ አስነክታ ስትድን ይታያል። ከላይ አንድ መልአክ እየበረረ ደወል ይደውላል። ከኋላ ደግሞ ማማዎቹ አሉ፣ ሠዓሊው ከደጅ ያያቸው ማማዎች። የፍሎረንስ ሙዚየም ይህን አይሰጥም። ሥዕሉን አይቶ በሩን ወጥቶ እነዚያኑ ማማዎች ማየት የሚቻለው እዚህ ብቻ ነው።

በከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ በሳን ማቴኦ በር አጠገብ፣ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሠዓሊው ቤኖዞ ጎዞሊ እዚያ የአውግስጢኖስን ሕይወት በ17 ክፍል ሣለ፣ በ1464 እና በ1465። የመጀመሪያውን እዩት። ወላጆቹ ትንሹን አውግስጢኖስን ታጋስቴ፣ የዛሬዋ አልጄሪያ ውስጥ፣ ለመምህሩ ሲያስረክቡት ነው። ከጎን አንድ ሌላ ተማሪ በጓደኛው ጀርባ ላይ ታዝሎ ቂጡን ይገረፋል። ጎዞሊ ሥራ ላይ እያለ ወረርሽኝ እንደገና መጣ፤ ከተማዋም ከወረርሽኝ ይጠብቃል የሚባለውን ቅዱስ ሰባስትያንን አሣለችው። ሌላ ቦታ ሰማዕቱ ራቁቱን በቀስት ተወግቶ ነው የሚታየው። እዚህ ግን ለብሶ ቆሟል፣ መጎናጸፊያው ሕዝቡን ሸፍኗል፣ ከሰማይ የሚወርዱት ቀስቶች እየተሰበሩ ይወድቃሉ። የፈራ ሕዝብ ያዘዘው ሥዕል መሆኑ ያስታውቃል።

የማዘጋጃ ቤቱን ሕንጻ አልዘረዝርም። ገጣሚው ዳንቴ በ1300 አካባቢ የፍሎረንስ መልእክተኛ ሆኖ ንግግር አደረገበት የሚባለው አዳራሽ እዚያ ነው፤ የሊፖ ሜሚ ትልቅ የእመቤታችን ሥዕልም በ1317 የተሣለ ነው። በላይኛው ፎቅ የከተማው ሹም ክፍል ግድግዳ ላይ ባልና ሚስት አብረው ገንዳ ውስጥ ሲታጠቡ፣ ከዚያም አልጋ ሲገቡ ይታያሉ። ሹማምንቱ በዚህ መካከል ነው የሚተኙት። ሙዚየሙ ውስጥ ቅዱስ ጂሚኛኖ ከተማዋን ከነማማዎቿ ጭኑ ላይ ይዞ የተቀመጠበት የታዴኦ ዲ ባርቶሎ ሥዕል አለ። ማማዎቹ ሲበዙ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚፈልግ ከ72 ቁጥር ይልቅ እሱን ይይ።

ሳፍሮኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ለቱሪስት የተፈጠረ ከሆነ ፈጣሪው አርቆ አሳቢ ነበር፤ በ1228 ከተማዋ የጦርነት ዕዳዋን በከፊል የከፈለችው በሳፍሮን ነው። የማማዎቹ ገንዘብ ከፊሉ የመጣው ከዚህ አበባ ነው። በመከር፣ በጥቅምትና ኅዳር፣ በማለዳ ይለቀማል፤ አንድ ግራም ለማግኘት ወደ 150 አበባ ይፈልጋል። ቬርናቻ የሚባለው ነጭ ወይን ደግሞ ከ1276 ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቃል፤ በ1966 በጣልያን የመነሻ ቦታ ጥበቃ ከተሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ወይኖች አንዱ ነው። የአየር ማረፊያ ሱቅ ውስጥ በውድ የሚሸጠው ጠርሙስ ጸሐፊውን ካናደዳቸው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሁለቱ ሰዓትስ? የጸሐፊው ብስጭት ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ከረፋዱ እስከ ከሰዓት፣ የአስጎብኚ አውቶቡሶች ሰው በሚያራግፉበት ሰዓት፣ የሳን ጆቫኒን መንገድ መርገጥ ከባድ ነው። ፒያሳ ዴላ ቺስተርና ላይ ያለው የውኃ ጉድጓድ ራሱ በሰው ጀርባ ይሸፈናል። በዚያ ሰዓት የመጣ ሰው ቢማረር አልፈርድበትም። መድኃኒቱ ግን ሰዓቱን ማሳጠር አይደለም፤ መቀየር ነው። ከፍሎረንስ በባቡር ፖጂቦንሲ ወርዶ፣ ከጣቢያው ፊት አውቶቡስ መያዝ ነው። ከሰዓት በኋላ ገብቶ ማደር። ቤተ ክርስቲያኖቹን በማግስቱ ጠዋት፣ አውቶቡሶቹ ሳይመጡ። እሑድ ጠዋት ኮሌጃታ ለቅዳሴ ስለሚውል የጉብኝት ሰዓቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ቶሬ ግሮሳን መውጣት ጉልበቱ ላለው ነው፤ ለሌላው ሞንቴስታፎሊ ይበቃል።

አንድ ቦታ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በመካከለኛው ዘመን ሰው ይሰቃይባቸው የነበሩ መሣሪያዎች የሚታዩባቸው ሙዚየሞች አሉ፤ ዋናው መንገድ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አላቸው። ያን ገንዘብ ሳፍሮን ግዙበት።